ሙሉ ሚዛን፣ ንጹሕ ሸቀጥ፣ ዱቤ የለም፤ የሮችዴል ሸማኔዎች ሱቅ ታሪክ

ሰው የእጁን ሥራ ለሌላ ሰው መሸጥ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ፣ ሸቀጡ የት እንደሚገኝና ምን ዐይነት እንደ ሆነ ለገዢ የሚያስታውቅበትን መንገድ ሲፈልግ ኖሯል። በአገራችን ጠላ የጠመቀች ሴት በደጃፏ ባቆመችው እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ ትሰቅላለች። በጣሳው ላይ አንድም ፊደል አልተጻፈበትም፤ ነገር ግን ማንበብ የማይችል መንገደኛ እንኳ መልእክቱን አይስተውም። ጠላ አለ ማለት ነው። ጠላው መልካም ይሁን መናኛ ጣሳው አይናገርም፤ እርሱን ጠጪው ራሱ በአንድ ጕንጭ ይፈርደዋል። ከዚህ ያጠረና ከዚህ የታመነ ማስታወቂያ ማግኘት የሚያስቸግር ይመስለኛል።

ሆኖም ሸቀጥ ሁሉ እንደ ጠላ በአንድ ጕንጭ አይታወቅም። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ማር፣ በርበሬ የመሳሰለው ነገር ገዢው ወደ ቤቱ ወስዶ ሳምንት ከተመገበው በኋላ እንኳ ጕዱ ላይገለጥ ይችላል። ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ከዚሁ የተገኘ ትንሽ ጕዳይ ነው። ዛላ በርበሬ ገዝተው፣ ቀንጥሰውና አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ከነቅመሙ አስፈጭተው የሚሸጡ አንዲት ጎረቤት አሉን። በቅርቡ በደጃቸው የሚሰቀል ሰሌዳ አሠርተው፣ «አንተ የመንግሥት ጸሐፊ ነህና ቃል አታጣም፤ የሚስማማውን ጻፍልኝ» አሉኝ። እኔም ሳላመነታ «እጅግ ንጹሕና ተወዳዳሪ የሌለው በርበሬ» ብዬ በወረቀት ላይ ጽፌ አነበብሁላቸው። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ይኸንንማ ሸክላ ፈጭተው የሚቀላቅሉትም ይጽፉታል» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ወደ ቤቴ ተመልሼ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ከብዙ ጊዜ በፊት ያነበብሁት የሮችዴል ሸማኔዎች ታሪክ ትዝ አለኝ፤ የእነዚያም ሰዎች ጥያቄ ከጎረቤቴ ጥያቄ ጋራ አንድ ነበረ። ሐሰተኛው ሁሉ እውነተኛውን ቃል አስቀድሞ ከወሰደበት፣ እውነተኛው ሻጭ ምን ይበል? በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ሮችዴል በእንግሊዝ አገር ቀድሞ በላንካሸር ግዛት የነበረች፣ ከማንችስተር በስተሰሜን የምትገኝ ከተማ ናት። ሕዝቧ ፍላኔል የተባለውን ለስላሳ የሱፍ ጨርቅ በመሸመን ይታወቅ ነበር። ሸማኔው በቤቱ ውስጥ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ በእጁ በሚሠራበት ዘመን ኑሮው የተትረፈረፈ ባይሆንም ሥራውም ጊዜውም የራሱ ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንፋሎት ኀይል የሚንቀሳቀሰው የሽመና መኪና እየተስፋፋ ሲሄድ ግን የእጅ ሥራ ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት እየወደቀ ሄደ። ከ1840 በኋላ ያሉት ዓመታት በእንግሊዝ ሠራተኞች ዘንድ የረኃብ ዓመታት ተብለው የሚታወሱ ናቸው። ሠራተኞቹ ደመወዝ እንዲጨመርላቸው ጠይቀው ሥራ ቢያቆሙ አልተሳካላቸውም፤ የምርጫ መብት እንዲሰጣቸው በ1842 ከ3 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ያለበትን አቤቱታ ለፓርላማ ቢያቀርቡም ሳይቀበላቸው ቀረ።

እንግዲህ ደመወዙ ያነሰበት ሰው በዚያችው ባነሰችው ደመወዝ ምን ይገዛ እንደ ነበረ መመልከት ያስፈልጋል፤ የታሪኩ ቍልፍ ከዚህ ላይ ነውና። በብዙ ስፍራ አሠሪው የራሱ ሱቅ ነበረው፤ የሠራተኛውንም ዋጋ በገንዘብ በመክፈል ፈንታ በሸቀጥ ይከፍል፣ ወይም ገንዘቡን ሰጥቶ ከዚያው ሱቅ እንዲገዛ ያስገድድ ነበር። በ1831 ይህን የሚከለክል ሕግ ቢወጣም ልማዱ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። ከአሠሪው ሱቅ ያመለጠውም በሰፈሩ ባለ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ዱቤ ለድኻ ርኅራኄ ይመስላል። ዳሩ ግን ባለ ዕዳ ሚዛን ለመቈጣጠር አፍ የለውም። ዱቄቱ ቢጐድል፣ ቅቤው ቢበላሽ፣ «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ የፊተኛውን ዕዳ ክፈል ይባላል፤ ወደ ሌላ ሱቅ እንዳይሄድ ደግሞ የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ የለውም። በዚህ ዐይነት ዱቤ ደንበኛን የሚያስር ገመድ ሆነ፤ የታሰረ ደንበኛ ላለው ሻጭም መልካም ሸቀጥ ማቅረብ ትርፍ ወጪ ነው።

ስለ ሸቀጡ ብልሽት አስቀድሞ የጮኸው በለንደን ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፍሬደሪክ አኩም ነው። ይህ ሰው በ1820 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱን ለማንጣት አሉም የተባለውን የማዕድን ጨው እንደሚጨምር፣ ሻይ ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የሌላ ዛፍ ቅጠል እንደ ሆነ፣ ዐይብ እንኳ እርሳስ ባለበት ቀይ ቀለም እንደሚቀባ ገለጠ። በወንጀሉ የተፈረደባቸውንም ሰዎች በስማቸው ጠራቸው። መጽሐፉ በብዛት ተሸጠ፤ ጠላቶቹም በዚያው መጠን በዙ። ሊቁ ብዙም ሳይቈይ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፎች ገጾችን ቀዷል ተብሎ ተከሰሰና እንግሊዝን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። (ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተዋስን ገጽ ለምንቀድድ ሰዎች ይህ ከታሪኩ ውጭ የሆነ ትንሽ ማስጠንቀቂያ ይሁነን።) እርሱ ከሄደ በኋላ ጕዳዩ ለሠላሳ ዓመት ያህል እንደ ነበረ ቈየ።

በሮችዴል የሸማኔዎች የራሳቸው ሱቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተው ብዙ ሰው እንደሚያስበው በ1844 አይደለም። በ1833 በቶድ ሌን መንገድ በቍጥር 15 ቤት አንድ የኅብረት ሱቅ ተከፍቶ ነበር። የከፈቱትም ሰዎች ቅን አሳብ ያላቸው ነበሩ፤ ሸቀጣቸውም የሚታማ አልነበረም። ሁለት ዓመት ቈይቶ በ1835 ተዘጋ። ያዘጋውም ጠላት ሳይሆን ዱቤ ነበር፤ ወንድም ለወንድሙ አላበድርም ለማለት ስላፈረ፣ ዕዳው በመዝገብ ላይ ሲቈለል የሚሸቅጡበት ገንዘብ አለቀ። እኔ እንደሚመስለኝ ይህች የወደቀች ሱቅ ለኋለኛይቱ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ አስተማሪዋ ናት። የፊተኞቹ «ወዳጆቻችሁ ነን» አሉ፤ የኋለኞቹ ግን የሚያደርጉትንና የማያደርጉትን ለይተው ተናገሩ።

በ1844 ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች እንደ ገና ተሰበሰቡ። ከእነርሱም መካከል ቻርልስ ሃዋርዝ፣ ጄምስ ስሚዚስ፣ ዊልያም ኩፐር፣ ማይልስ አሽዎርዝና ሳሙኤል አሽዎርዝ ስማቸው የታወቀ ነው። ማኅበራቸውን የሮችዴል ፍትሐዊ ፈር ቀዳጆች ብለው ሰይመው በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በሕግ አስመዘገቡ። ለመነሻ የሚሆነውን ገንዘብ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ፔንስ፣ በኋላም ሦስት ሦስት ፔንስ እያዋጡ አጠራቀሙ። አንድ ፓውንድ 240 ፔንስ ስለ ነበረ፣ በሳምንት 2 ፔንስ የሚያዋጣ ሰው አንድ ፓውንድ ለመሙላት 120 ሳምንት ይፈጅበታል። በባህሉ እንደሚነገረው 28 ሰዎች 28 ፓውንድ አጠራቀሙ። ከዚህም ላይ ለቤት ኪራይ፣ ለመደርደሪያና ለዕቃ ወጪ ሲሆን ለሸቀጥ የተረፈው 16 ፓውንድ ከጥቂት ሽልንግ ነበር።

የተከራዩት ቤት በዚያው በቶድ ሌን በቍጥር 31 የሚገኝ የአሮጌ መጋዘን ምድር ቤት ነበር፤ ኪራዩም በዓመት 10 ፓውንድ ነው። በመክፈቻው ቀን በሱቁ ውስጥ የነበረው ሸቀጥ ተዘርዝሮ ተጽፎ ይገኛል፤ 28 ፓውንድ ሚዛን ቅቤ፣ 56 ፓውንድ ሚዛን ስኳር፣ ሦስት ኩንታል የሚያህል የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ጆንያ የአጃ ዱቄትና ጥቂት ሻማ። ቅቤው ወደ 13 ኪሎ፣ ስኳሩም ወደ 25 ኪሎ መሆኑ ነው። ዛሬ በማናቸውም ሰፈራችን ያለች አነስተኛ ሱቅ ከዚህ የበለጠ ዕቃ አላት። አንድ የከተማው ነጋዴ ሸቀጣቸውን በሙሉ በአንድ የእጅ ጋሪ ጭኜ ልወስደው እችላለሁ ብሎ ቀለደ ይባላል። ቀልዱ ግነት አልነበረበትም ለማለት ይቻላል።

ታኅሣሥ 21 ቀን 1844፣ ቅዳሜ ከምሽቱ በሁለት ሰዓት የመስኮቱ መዝጊያ ተነሣ። በመንገዱ ላይ የፋብሪካ ልጆች ተሰብስበው የሽማግሌ ሸማኔዎች ሱቅ ተከፈተ እያሉ ይጮኹና ይሣሣቁ ነበር። ሻጩ ወጣቱ ሳሙኤል አሽዎርዝ፣ ገንዘብ ያዡም ዊልያም ኩፐር ነበሩ። ሱቁ በመጀመሪያው ጊዜ የሚከፈተው ሰኞና ቅዳሜ ማታ ብቻ ነበር፤ ሰዎቹ ቀን ቀን የየራሳቸውን ሥራ ይሠሩ ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እነዚህ ሰዎች ለሕዝቡ ያሉት ምን ነበር? አሳባቸው ሰፊ ነበረ፤ በደንባቸው ላይ ቤቶችን ስለ መሥራት፣ መሬት ስለ መግዛት፣ ሥራ ላጡት ሥራ ስለ መስጠት፣ የራሳቸው መንደር ስለ ማቋቋም እንኳ ጽፈው ነበር። ዳሩ ግን ለቤት እመቤቲቱ፣ ዘንቢሏን ይዛ ለመጣችው፣ ስለ ወደ ፊቱ መንደር አልሰበኩላትም። የሱቁ ቃል ሦስት ነገር ነበር፤ የሚገኘውን ያህል ንጹሕ ሸቀጥ፣ የተሞላ ሚዛንና መስፈሪያ፣ በገበያው ዋጋ በእጅ በእጅ መሸጥ፤ ዱቤ አይሰጥም፣ አይጠየቅም። በሩብ ዓመቱ መጨረሻም ሒሳብ ተደርጎ፣ ለዋናው ገንዘብ የተወሰነ ወለድ ከታሰበ በኋላ፣ ትርፉ ለእያንዳንዱ አባል በገዛው መጠን ይመለስለታል። አንድ ፓውንድ ያለውም ሆነ ሃምሳ ፓውንድ ያለው በስብሰባ ላይ ድምፁ አንድ ነው፤ ለሴቶችም ቢሆን የአባልነት በር ተከፍቶ ነበር። ያገቡ ሴቶች በራሳቸው ስም ንብረት እንዳይዙ ሕጉ ይከለክል በነበረበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩ ሱቁ የተሳካለት ርካሽ ስለ ሸጠ ነው ብለው ያልፉታል። ይህ ስሕተት ነው። ሮችዴሎች ከገበያው ዋጋ አሳንሰው አልሸጡም፤ እንሸጣለንም አላሉም። ርካሽ የሚለው ቃል ለማንም ሻጭ በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ የዱቄቱን ዋጋ ለማውረድ ኖራ የሚመስል ነገር መጨመር ይበቃል። ከሦስቱ ቃላቸው ውስጥ ለሰሚው መራራ የሆነችው «ዱቤ የለም» የምትለው ናት። በእኛም ሱቆች ግድግዳ ላይ «ዱቤ ለነገ እንጂ ለዛሬ የለም» የሚል ጽሕፈት ይታያል፤ እኛ ግን እንስቅና ዱቤውን እንወስዳለን። እነርሱ አልቀለዱም። ይህች ቃል በመጀመሪያዎቹ ወራት ስንት ደንበኛ ከበራቸው እንደ መለሰች መገመት አያስቸግርም፤ በተለይ ቅዳሜ ደመወዙን ተቀብሎ ሐሙስ ላይ ባዶ እጁን የሚቀረውን ድኻ። ዳሩ ግን የቀሩትን ሁለቱን ቃሎች ያሳመነች እርሷ ነበረች። ሐሰተኛ ነጋዴ ንጹሕ ነው ለማለት ምንም አያወጣም፤ ገዢን ደጅ ላይ የሚመልስ ቃል ለመናገር ግን ወጪ አለበት፣ ስለዚህም አይናገረውም። ገዢውም በዕዳ ስላልታሰረ ሚዛኑ ቢጐድል በማግስቱ ወደ ሌላ ሱቅ ለመሄድ እግሩ ነፃ ነው። ሻጩ ይህን እያወቀ ነበር የሚመዝነው።

በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ሻይና ትምባሆ ጨመሩ። በ1845 መጨረሻ አባሎቹ 74፣ የዓመቱ ሽያጭ 710 ፓውንድ፣ ትርፉ 22 ፓውንድ ነበር። በ1848 አባሎቹ 149 ደረሱ። ዕድገቱ የኤሊ ዕድገት ነበር ማለት ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ 121 ሰው ብቻ።

በ1849 ግን አንድ ክፉ ነገር ደረሰ። የሮችዴል የቍጠባ ባንክ ገንዘብ በሹሙ እጅ ተመዝብሮ ተገኘና ባንኩ ወደቀ። ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀሙ ድኾች ገንዘባቸውን አጡ። የቀረቻቸውንም ጥቂት ጥሪት ወዴት እንደሚወስዱ ሲያስቡ፣ በቶድ ሌን ያለውን፣ ሒሳቡን በየሩብ ዓመቱ በአባሎቹ ፊት የሚዘረጋውን ሱቅ አስታወሱ። በዚያው ዓመት አባሎቹ 390፣ በ1850 ደግሞ 600 ሆኑ፤ ሽያጩም 13,179 ፓውንድ ደረሰ። በ1860 አባሎቹ 3,450፣ ሽያጩ 152,063 ፓውንድ ነበር። ማኅበሩ የጋዜጣና የመጽሐፍ ማንበቢያ ክፍል ከፍቶ ነበርና፣ ከትርፉም ከመቶ 2.5 ለአባሎቹ ትምህርት እንዲውል ወሰነ። ለመምህራን አንባቢዎቻችን ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወደድሁም።

በዚሁ ጊዜ የሸቀጥ ብልሽት ጕዳይ በለንደን እንደ ገና ተነሣ። ሐኪሙ አርተር ሂል ሃሳል ከ1851 እስከ 1854 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት፣ ከየሱቁ የተገዛውን ምግብ በማይክሮስኮፕ እየመረመረ ውጤቱን ከነሻጮቹ ስም አወጣ። ከመረመረው ቡና የሚበዛው ቺኮሪ የተባለ ተክል ሥር ተቈልቶ የተቀላቀለበት ሆኖ ተገኘ። አንባቢ እንደሚያውቀው የእኛ አገር ሰው ቡናውን በዐይኑ እያየ ስለሚያስቈላ በዚህ አይታለልም፤ የተፈጨ ቡና በወረቀት የሚገዛው ግን ዐይኑን ለሻጩ አደራ ሰጥቷል። ከሮችዴል ብዙ በማይርቀው በብራድፎርድ ከተማ ደግሞ በጥቅምት 1858 አንድ ከረሜላ ሠሪ፣ ስኳር ውድ ስለ ሆነበት እንደ ልማዱ የሚቀላቅለውን ነጭ ዱቄት ለመግዛት ሰው ላከ። ከመድኀኒት ቤቱ የተሰጠው በስሕተት አርሴኒክ የተባለው መርዝ ነበር። ከረሜላውን ከበሉት 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ታመሙ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ስሕተቱ ያስደነግጣል፤ ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን መርዙ ባይገባ ኖሮ ሌላው ቅልቅል የዕለት ሥራ ሆኖ ማለፉ ነው። ምግብን ስለ ማበላሸት የሚከለክለው የመጀመሪያው አጠቃላይ ሕግ በ1860 ወጣ፤ ጥርስ ያለው ሕግ የተገኘው ግን በ1875 ነው። የሮችዴል ሱቅ እንግዲህ መንግሥት ንጹሕ ምግብን በሕግ ከማዘዙ 16 ዓመት ቀድሞ ቃል የገባ ነበረ።

ቃልን መጠበቅ ቀላል እንዳልነበረ የሚያሳየው የወፍጮው ታሪክ ነው። ዱቄቱን ከሌላ ሰው እየገዙ ንጹሕ ነው ማለት እንደማይቻል ስለ ተረዱ በ1850 የራሳቸውን የወፍጮ ማኅበር አቋቋሙ። በመጀመሪያው ጊዜ ወፍጮው ከሰረ፤ የዱቄቱም ዐይነት ያልተስተካከለ ነበረ። ከዚህም በላይ በአሉም የነጣ ዳቦ ለለመደ ዐይን፣ ምንም ያልተጨመረበት ዱቄት ጠቈር ብሎ ይታያል። ሐሰቱ ነጭ፣ እውነቱ ቡና ዐይነት ሆኖ በአንድ ገበያ ሲቀርቡ የቤት እመቤቲቱ የትኛውን እንደምታነሣ ግልጥ ነው። በዚያን ጊዜ ትንሽ አሉም መጨመር ነገሩን ሁሉ በአንድ ቀን ባቀለለው ነበር። እነርሱ ግን አሠራራቸውን እያሻሻሉ፣ ኪሳራውን እየሸፈኑ ቈዩ፤ ወፍጮውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትርፍ መስጠት ጀመረ።

በሌላ ስፍራ ደግሞ ቃላቸው ተሰበረ፤ ይህንም መሸሸግ ለታሪክ አይገባም። በ1854 በሮችዴል የኅብረት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማኅበር ተቋቋመ። የዚህ ማኅበር ቃል፣ ከትርፉ ድርሻ ለገንዘብ ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በመኪናው ላይ ለሚሠራውም ይሰጣል የሚል ነበር። ፋብሪካው ሲያተርፍ ስለ ትርፉ ብቻ የመጡ አዳዲስ ባለ ድርሻዎች በዙ፤ በ1862 በድምፅ ብልጫ የሠራተኛው ድርሻ ተሰረዘ። ከፊተኞቹ ፈር ቀዳጆች አንዳንዶቹ ተቃወሙ፤ አልሆነላቸውም። ኅብረት የሚለው ስም ግን ከበሩ ላይ አልተፋቀም። ሱቁ ቃሉን ሲጠብቅ ፋብሪካው ለምን አልጠበቀም ብዬ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። በሱቁ ሚዛን ፊት የሚቆመው ገዢው ራሱ የማኅበሩ አባል ነው፤ የሚጐድለው ዱቄት ከራሱ ገበታ ነው፤ ቀማሹም ዳኛውም እርሱ ነው። በፋብሪካው ግን ቃሉ የተገባለት ሰው ሁልጊዜ በድምፁ የሚወስነው ሰው አልነበረም።

በ1860 ማኅበሩ የሱቁን ደንቦች በአጭሩ በቀን መቍጠሪያው ላይ አሳተመ። የቀን መቍጠሪያ በግድግዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚሰቀል ነገር ስለ ሆነ፣ ሱቁ የገባውን ቃል ደንበኛው በየቤቱ እያነበበ ሊተሳሰበው ይችል ነበር። ጸሐፊው ጆርጅ ጄኮብ ሆልዮክም በ1858 ስለ ሮችዴል ያሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ወደ ሩቅ አገር አዳረሰው። በ1863 በሰሜን እንግሊዝ ያሉ የኅብረት ሱቆች የጅምላ ግዢ ድርጅት አቋቋሙ፤ በ1895 ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረት ተመሠረተ፤ ይህም ጥምረት በ1937 የሮችዴልን ደንብ ለመሠረተ ሐሳቡ ተቀበለ። የቶድ ሌኑ ምድር ቤት ከ1931 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል።

ወደ አገራችንም ይህ ዘር መጥቷል። ስለ እርሻ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር በ1960 ድንጋጌ ቍጥር 44፣ ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በጠቅላላው ደግሞ በ1966 ዐዋጅ ቍጥር 241 ወጣ። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ ማኅበራቱ በቍጥር እጅግ በዙ፤ ብዙዎቹ ግን አባሉ ወዶ የገባባቸው ስላልነበሩ፣ አስገዳጁ ሲላላ በፍጥነት ተበተኑ። በ1998 የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 147 በፈቃድ መግባትንና የአንድ አባል አንድ ድምፅን ደንብ አጸና። ዛሬ በአዲስ አበባ ስኳርና ዘይት ለመግዛት የምንሰለፍባቸው የሸማቾች ማኅበራት ሱቆች፣ ብናውቀውም ባናውቀውም፣ የዚያች የሁለት ደርዘን ሻማ ሱቅ የልጅ ልጆች ናቸው። በእነዚህ ሱቆች የምንሰለፍ ሰዎች ዋጋውን እንጂ ሒሳቡን የጠየቅንበት ቀን ስንት እንደ ሆነ እያንዳንዳችን እንመርምር፤ እኔ በበኩሌ አባል ከሆንሁ ወዲህ በጠቅላላ ጉባኤ የተገኘሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ታሪኩን ለጎረቤቴ በአጭሩ አጫወትኋቸው። ስለ ወፍጮውና ስለ ጠቈረው ዱቄት ስነግራቸው ከሁሉ ይልቅ ደስ አላቸው፤ ቀለም ያልገባበት በርበሬ እንደ ሌላው እሳት አይመስልምና። ከዚያ በኋላ ተቀምጠን ሰሌዳውን እንደ ገና ጻፍነው። «ንጹሕ» የሚለውን ቃል እሳቸው ራሳቸው አሰረዙት። አሁን በደጃቸው የተሰቀለው እንዲህ ይላል፤ «በርበሬ። ሐሙስ ጧት እንቀነጥሳለን፣ ቅዳሜ እናስፈጫለን፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ። ሚዛኑን ገዢው ራሱ ያንሣ። ዱቤ የለም።» በመጀመሪያው ሐሙስ ሁለት ሴቶች መጡ፤ አንደኛዋ ዛላውን አገላብጣ አይታ ሳትገዛ ሄደች፤ ሁለተኛዋ ግን እጇን ታጥባ ከእሳቸው ጋራ ስትቀነጥስ አረፈደች።